የእትዬ የሺ ሽኮኮና የቆላው ፍሬ

ክፍላችን የቴሌግራም ቡድን አለው። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከመዝገብ ቤት ሥራዬ በጡረታ ተሰናብቼ ዘንድሮ ቅዳሜና እሁድ የእንስሳት ጤና መማር ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለሆንኩ በቡድኑ ላይ የሚላከውን ሁሉ አነባለሁ፤ የቤት ሥራዬንም ሁለት ቀን አስቀድሜ አስረክባለሁ። ከልጆቼ የሚያንሱት የክፍሌ ልጆች «ማዘር» ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ከመርሐቤቴ የመጣች አንዲት ልጅ ፎቶ ለጠፈች። ትከሻዋ ላይ ጭራዋን እንደ ጥጥ ባዘቶ የነፋች ሽኮኮ ተቀምጣለች። በዋሻ የምትኖረውን፣ ጭራ የሌላትን ሽኮኮ ማለቴ አይደለም፤ ከዛፍ ዛፍ የምትዘለውን፣ ጭራማዋን ነው። ከፎቶው ሥር «ቤት ያሳደግኳት ናት፤ የዱር ዛፍ ፍሬ ብሰጣት ችግር አለው?» ይላል። መልሱ እንደ በረዶ ወረደ። «ምንም አትሆንም፣ ተፈጥሮ ነው።» «ኧረ ትሞትብሻለች!» «አጎቴ ጦጣ ነበረው፤ ያገኘውን ሁሉ ይበላ ነበር።» አንዱ የሚስቅ ፊት ላከ፤ ሌላው ስለ ሽኮኮ ሥጋ ቀለደ። ሠላሳ አንድ መልስ አነበብኩ። ከሠላሳ አንዱ መካከል «የየትኛው ዛፍ ፍሬ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

ንድድ አልኩ። ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አርቅቄ፣ ሦስተኛውን ስልኬ ላይ ጻፍኩት። የዱር ፍሬ ሁሉ አንድ አይደለም፤ መጀመሪያ ዛፉን እወቂ፤ ግራር ከሆነ፣ የደረቀና ያልሻገተ ከሆነ፣ ጥቂት ጥቂት እየሰጠሽ ሁኔታዋን እይ፤ ዛፉን የማታውቂው ከሆነ አትስጪ፤ ርቧት ሳለ ደግሞ አዲስ ነገር ፈጽሞ አትሞክሪባት፤ ከሁሉም በላይ የዱር እንስሳ ስለሆነች የሚያውቅ ባለሙያ አማክሪ። ጨዋነት እንዳይጎድለኝ «ከይቅርታ ጋር» ብዬ ጨረስኩ። አንድ አውራ ጣት አገኘሁ፤ እሱም የመምህሩ ነው። ወዲያው ከሥሩ ሌላው ልጅ «ማዘር፣ ሽኮኮ የሚጎዳትን ራሷ ታውቃለች፣ አይጨነቁ» አለኝ። ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የሚጎዳትን ራሷ ታውቃለች! ይህንን ነገር ከዚህ በፊት የት እንደሰማሁት የማውቀው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ደግሞ በተግባር ትምህርት ላይ መምህራችን ስለ መኖ ሊያስረዱን አንድ ጆንያ የግራር ፍሬ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ቀጫጭን፣ ቆልመም ቆልመም ያለ፣ ሲነቀነቅ ዘሩ ውስጡ የሚንኳኳ ፍሬ። ሽታው ትንሽ የበሶ፣ ትንሽ የቆየ ማር ነው። ልጆቹ ፎቶ ሲያነሱ እኔ አፍንጫዬን ይዤ ዞር አልኩ። መምህሩ «እርስዎ፣ አለርጂ አለብዎት?» አሉኝ። «የለብኝም፣ ይቅርታ» አልኩ። የነበረብኝ ሌላ ነው፤ ሽታው ወደ ልጅነቴ መልሶኝ ሞላሌ ነበርኩ፣ አክስቴ ቤት።

ወላጆቼ ወደ ግሼ ወገን ስለሚኖሩ ለትምህርት ብዬ ሞላሌ አክስቴ እትዬ የሺ ዘንድ ነበር የምቀመጠው። የዚያን ጊዜዋ ሞላሌ አንድ መንገድ፣ በመንገዱ መታጠፊያ አንድ ሱቅ፣ በሱቁ በረንዳ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ፣ በሱቁ መደርደሪያ ላይ ደግሞ አንድ ራዲዮ ነበረች ብል ብዙም አልዋሸሁም። ልብስ ሰፊው የቴትሮን ሱሪ እግሩን አስፍቶ ሲሰፋ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያይ ነበር። ኮንጎ ጫማ ሦስት ብር ነው፤ ውስጡ ውርጭ ሲገባ እግር እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ቢሆንም እሱን ያደረገች ልጅ ቀና ብላ ነበር የምትሄደው። በስሙኒ አሥር ሎሚ ይገኛል፤ በአሥር ሳንቲም ኪስ የሚሞላ ከረሜላ። ያን ዓመት ራዲዮው ደጋግሞ የሚያሰማት አንዲት ዘፈን ነበረች፤ ሄዶ ስለቀረ ሰው የምትዘፍን የሴት ድምፅ። እሷ ስትጀምር ልብስ ሰፊው እግሩን ከመርገጫው ያነሳ ነበር። ወጣቶች የሚሄዱበት ዘመን ነው። ወዴትና ለምን የሚለውን ሌሎች ጽፈውታል፤ እኔ የማውቀው ከየቤቱ አንድ ሰው መጉደሉን ነው። ዛሬ እዚያ መታጠፊያ ላይ የሞባይል ካርድና የፕላስቲክ ወንበር ይሸጣል። ባለፈው ስሄድ ልብስ ሰፊው የት ይቀመጥ እንደነበር ለማሳየት ፈልጌ አንዱን ወጣት ባቆመው፣ በትዕግሥት ሰማኝና «እሺ ማዘር፣ ካርድ የስንት ልስጥዎት?» አለኝ።

ከእትዬ የሺ ቤት የጎደለው አንድ ልጇ ተፈራ ነው። ተፈራ ግንበኛ ነበር፤ መርሐቤቴ ወርዶ ቤት ሲሠራ ከርሞ አንድ ቀን ጋቢው ውስጥ ጣት የሚያህል ሽኮኮ ይዞ ወጣ። ሽኮኮው ጭራውን ጀርባው ላይ አጥፎ ሲቀመጥ ካባ የደረበ ሹም ስለሚመስል «ባላምባራስ» አለው። በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ይህን ሰምቶ ደጃፍ ላይ ቆመና፣ «እትዬ የሺ፣ ማዕረግ እኮ ቀርቷል» ቢላት፣ «ለሰው ነው የቀረው፤ ለሽኮኮ አልተነገረም» ብላ መለሰችለት። ተፈራ የሄደ ዕለት የዘማቾቹ መኪና እያጓራ ሽኮኮውን ከትከሻው አውርዶ ሰጣትና «እማዬ፣ ይህን አደራ» አላት። ምናልባት የሚለው ጠፍቶት ይሆናል። ሰው መኪና ላይ ሊወጣ ሲል ብዙ ነገር ይላል። እሷ ግን አደራ የሚለውን ቃል ሰምታ የምትተው ሴት አልነበረችም። ሽኮኮውን በሁለት እጇ ይዛ «አንተ ብቻ በደህና ተመለስ፤ እሱ እንዳስቀመጥከው ይቆይሃል» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጇ በሕይወት መኖሩን የምታረጋግጠው ባላምባራስ መኖሩን እያየች ሆነ። በቃሏ አልተናገረችውም። ግን ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ ከሰላምታ በፊት «አለ?» ብላ ነበር የምትጠይቀኝ። እኔም «አለ» እላታለሁ።

መኖሩ አለ፤ ምን ይብላ? እዚህ ላይ ነው መከራው። ሞላሌ ያለችበት መንዝ ደጋ ነው፣ እህሉም ገብስ፤ ገብስ ሰጠነው። ቆሎውን ጫፉን እየቆረጠመ የቀረውን አመድ ላይ ይጥለዋል። በተረፈው ጊዜ የእትዬን በርኖስ ጠርዝ በላ፣ የበሩን መቃን በላ፣ የጂኦግራፊ ደብተሬን ከምዕራፍ አንድ እስከ ሦስት በላ። ይህን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ምክር ነበረው። «ቅቤ አቅምሱት።» «ጥርሱን ሙረዱት።» «ልቀቁት»፣ በዚያ ውርጭ! በመጨረሻ ያወቀው አያ ሽፈራው ነው። አያ ሽፈራው ከመርሐቤቴ ሎሚና ጥጥ በበቅሎ ጭኖ የሚወጣ ነጋዴ ነው፤ የእትዬ ደንበኛ ስለሆነ የገበያው ዋዜማ ጭነቱን እኛ ቤት አራግፎ ያድራል። ባላምባራስን ወደ ብርሃን አዙሮ አየውና፣ «እመቤቴ፣ የዚህ አውሬ ጥርስ እንደ ጥፍር ነው የሚያድገው። የሚቆረጥመው ካላገኘ እናንተን ይቆረጥማችኋል። የግራር ፍሬ ላምጣለት» አለ። አመጣለትም። ያ የበሶና የማር ሽታ ቤታችንን ሞላው። ባላምባራስ ፍሬውን በሁለት እጁ ይዞ፣ መጀመሪያ አሽትቶ፣ አገላብጦ፣ ከዚያ ከጫፉ ጀምሮ እንደ ጸሐፊ እየፈተሸ ይበላው ጀመር። በርኖሱም ዳነ።

ምክሩ ግን አልቆመም። የእትዬ የንስሐ አባት፣ አባ ወልዴ፣ «የማናውቀውን የቆላ ፍሬ ቤት ማስገባቱ ደግ ነው ትያለሽ?» አሏት። አንዷ ጎረቤት «ግራር ሆድ ይነፋል» አለች፤ ሌላዋ «አውሬ የሚጎዳውን ራሱ ያውቃል» አለች። አዎ፣ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፣ ቃል በቃል። እትዬ ተጨነቀች። ሁሉም ባሉበት ወደ እኔ ዞረችና፣ «አልማዝ፣ አንቺ ተማሪ አይደለሽም እንዴ? መጽሐፉ ምን ይላል?» አለችኝ። የሳይንስ መጽሐፋችን ስለ ቆርጣሚ እንስሳት ያለው ግማሽ ገጽ ነው፤ እሱም የአይጥ ሥዕል፣ ከጥርሷ ላይ ቀስት የተሰመረበት። ስለ ፍሬ አንድ ቃል የለም። ግን አባ ወልዴ አፌን እያዩኝ ነው፣ ጎረቤቶቹ እያዩኝ ነው፣ እትዬም ልትኮራብኝ ተዘጋጅታለች። «የዛፍ ፍሬ ሁሉ ለሽኮኮ ይስማማል ይላል» አልኩ። «ይኸው!» አለች እትዬ፤ «ብያችሁ ነበር፤ መጽሐፍ ላይ አለ።» ይህን አሁን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል። የጠየቁኝን ሁሉ ደስ ለማሰኘት ስል የማላውቀውን የማወቅ አመል ነበረብኝ። የቴሌግራሙን ልጆች የምቆጣው በምን አፌ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን እቆጣለሁ።

የነነዌ ጾም መጣ። ሦስት ቀን ናት፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ከተፈራ ወሬ ከጠፋ ወራት አልፈዋል። እትዬ እሑድ ማታ እራት ላይ፣ «የነነዌ ሰዎች ከብቶቻቸውንም ጭምር አስጹመው ነው ምሕረት ያገኙት። ዘንድሮ እኔም ቤት እስትንፋስ ያለው ሁሉ ይለምንልኛል» አለች። በጎቹን እስከ ስድስት ሰዓት በረት ዘጋችባቸው። ባላምባራስ ግን ግጦሽ የሚወጣበት ሥራ የለውምና ሦስቱንም ቀን ሙሉ ከውኃ በቀር እንዳይቀምስ ፈረደችበት። አባ ወልዴ ይህን ሲሰሙ የዝንብ መከላከያ ጭራቸውን ይዘው ቆሙ።

«የሺ፣ ለእንስሳ ጾም ግዴታ አልተጣለም እኮ።»

«አባቴ፣ ግዴታ ነው አላልኩም። ልመና ነው።»

«ለልመናውስ አንቺ አትበቂም?»

«እኔ ብቻዬን በቅቼ ቢሆን ደብዳቤው እስካሁን ይመጣ ነበር» አለቻቸው፤ እሳቸውም መስቀላቸውን አሳልመዋት ሄዱ። ሽኮኮ ሦስት ቀን ባዶ ሆዱን መቆየቱ ትክክል እንዳልሆነ ለመገመት መጽሐፍ አያስፈልግም ነበር። ማክሰኞ ሳጥኑን በጥርሱ ይፍቅ ነበር፤ ረቡዕ መፋቁንም ተወ። ጠዋት «አለ?» ስትለኝ፣ «አለ» ብዬ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ሐሙስ ጠዋት ጾሙ ተፈታ። አያ ሽፈራው ሌሊት ተነስቶ ገደሉን የወጣ ነው፤ ጭነቱን እንደልማዱ ደጃፋችን አራግፎ በቅሎውን ውኃ ሊያጠጣ ወርዷል። ባላምባራስ የጆንያውን ኮሽታ ሲሰማ ተነስቶ ሳጥኑን ይደበድብ ጀመር። «አልማዝ፣ ሰውዬውን አትጠብቂ፤ ፍሬውን ፈልጊና ስጪው፤ አንጀቴን በላው» አለችኝ እትዬ። ከሎሚው ጆንያ ሥር አንዲት ትንሽ ቋጠሮ አገኘሁ፤ ፈታኋት። ፍሬ ነው፤ የለመድነው ግን አይደለም። ሰፋ ያለ፣ እንጨት የመሰለ ወፍራም ቅርፊት፣ ላዩ ላይ ቡናማ ልስልስ ጠጉር ያለው፤ ውስጡ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ዘር። ሽታውም የበሶ አይደለም። እትዬ ከኋላዬ መጥታ አየችው።

«የዛሬው ሌላ ነው መሰለኝ። ይሆነዋል?»

ሰውዬው ውኃው ጋ ነው፤ ቢጠሩት የሚሰማበት ርቀት ላይ። ያንን ርቀት ከዚያ ወዲህ በዓይነ ኅሊናዬ ስንት ጊዜ እንደለካሁት። «ይሆነዋል» አልኩ።

ባላምባራስ ያን ቀን አላሸተተም፤ አላገላበጠም። የሚጎዳውን የሚያውቅ አውሬ ሦስት ቀን ካልበላ አያውቅም፤ ይህን ለዚያ ልጅ ልጽፍለት አሰብኩና ተውኩት፤ የሚስቅ ፊት ነው የሚልክልኝ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ለሀጩ ይወርድ ጀመር፤ እግሮቹ ወዲያና ወዲህ ተከፈቱ፤ ይንቀጠቀጣል። መካሪው እንደገና ተሰበሰበ። ተልባ አጠጡት አሉ፤ አጠጣነው። ወተት አሉ፤ ሰጠነው። አባ ወልዴ መጥተው ጠበል ረጩበት፤ ለሽኮኮ የሚሆን ጸሎት አላገኙም መሰለኝ ለሕሙማን የሚደገመውን ደገሙለት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በእትዬ በርኖስ እጥፋት ውስጥ፣ እሱ በበላው ጠርዝ በኩል፣ ሞተ። እትዬ አላለቀሰችም። የበርኖሷን ጠርዝ ከደነችበትና፣ «እኔ ነኝ» አለች። «ከልኬ አለፍኩ። ያልታዘዘውን አስጾምኩ። ለልጄ እለምናለሁ ብዬ የልጄን አደራ ገደልኩ።» እኔ ከጎኗ ቆሜያለሁ። የገደለው ፍሬው ይሁን ጾሙ፣ ያን ጊዜ በእርግጥ አላውቅም፤ ግን ማንም ስለ ፍሬው አለመጠየቁ ደስ አሰኝቶኝ ነበር። እውነቱ ይኸው ነው።

አባ ወልዴ ለአርባ ቀን በየማለዳው ጥቂት ስግደት ቀኖና ሰጧት። እሷ ግን በቀን አርባ አንድ አደረገችው፤ አርባ ቀኑ ሲያልቅም ተፈራ እስኪመለስ አላቆምም አለች። ቀኝ ጉልበቷ ከበቅሎ ወድቃ የተጎዳ ነው። አጎዛዋን ዘርግታ ዝቅ ስትል ቀጭ ይላል፤ ስትነሳ እንደገና ቀጭ። መኝታዬ ከግድግዳው ወዲህ ስለነበር በእሷ ጉልበት ድምፅ ነበር የምነቃው።

በሳምንቱ ምትኩን እንዳመጣ ከአያ ሽፈራው ጋር ላከችኝ። ተፈራ ሲመጣ ባዶ ሳጥን እንዳያይ ነው፤ እውነቱን ራሷ ቀስ ብላ ትነግረዋለች። ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ አያ ሽፈራው የበቅሎዋን ልጓም ያዝ አድርጎ፣ «ያቺን ትንሿን ቋጠሮ የፈታት ማነው? ብርብራዬ ጎደለብኝ» አለ።

«ብርብራ ምንድን ነው?»

«ለበግ ቅማል ነዋ። ያንን ፍሬ ወቅጠው ሲቀቡት ቅማሉ ይረግፋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ወንዝ ላይ ይበተናል፤ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል።» ፊቴን አየና ቆመ። «ለሽኮኮው ሰጣችሁት እንዴ?»

መንገዱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። «አያ፣ ለእትዬ እንዳትነግርብኝ።»

«እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ቤት ወሬ አልጭንም» አለኝ። «ግን አንቺ ትነግሪያታለሽ።»

«እነግራታለሁ» አልኩ። እሱንም ዋሸሁት።

የመርሐቤቴ ቆላ ሙቀቱ ፊት ላይ እንደ ምድጃ ይመጣል። ሹራቤን አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርኩ፤ በሕይወቴ እንዲያ ቀለል ብሎኝ አያውቅም፤ እንዲያም ከብዶኝ አያውቅም። ፍየሎቹ የግራሩን ጥላ ይዘው የወደቀውን ፍሬ ይለቅማሉ። አያ ሽፈራው በየዛፉ ሥር እያቆመ «ይህ ግራር ነው፣ በእጅሽ ያዢው። ይህ ብርብራ ነው፣ እዪው፤ ንቡ አበባውን ይወደዋል፣ ዓሣው ግን በፍሬው ያልቃል» ይለኛል። በጠቅላላው የትምህርት ዘመኔ እንደዚያ ያለ መምህር አላገኘሁም፤ ፈተና ግን አስቀድሜ ወድቄያለሁ። አንዲት ገበሬ በቆሎዋን ሲዘርፍ በቅርጫት የያዘችውን ወጣት ሽኮኮ በነፃ ሰጠችኝ። «ብቻ መልሳችሁ እንዳታመጡት» አለች። ሞላሌ ስገባ ራዲዮው ያችኑ ዘፈን ያሰማል።

አዲሱም ባላምባራስ ተባለ። እትዬ የግራሩን ፍሬ አንድ በአንድ እየቆጠረች ትሰጠዋለች፤ ጾም ሲመጣ ቀድማ የምታበላው እሱን ነው። ከፈተና በኋላ እነግራታለሁ አልኩ፤ ከፈተና በኋላ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ። ኮንጎ ጫማዬ አልቆ ሌላ ተገዛልኝ፤ ልብስ ሰፊው ሰፊ ሱሪ መስፋት ትቶ ጠባብ ጀመረ። ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ቀጭ፣ ቀጭ። አንዳንድ ጠዋት ትራሴን ጆሮዬ ላይ እጭን ነበር። ዛሬ የመዝገብ ቤት ጡረተኛ ሆኜ ሳስበው፣ ለማንም የማላሳየው ፋይል የከፈትኩት ያን ጊዜ ነው።

ተፈራ አንድ ቀን ረፋድ ላይ በእግሩ መጣ። ካኪ ኮቱ ላዩ ላይ እንደ ሌላ ሰው ልብስ ተንጠልጥሏል፤ ከሲታ፣ ጠቋቁሮ፣ ግን ሙሉ አካሉን ነው። እትዬ እልል ማለት አቅቷት አንገቱን ይዛ ብቻ ቀረች። ጎረቤቱ እየመጣ፣ እያለቀሰ፣ እየሳቀ፣ ጠላውን ጠጥቶ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ብቻ ቀረን። ሰው ሲበዛ ምሰሶው ላይ ወጥቶ የነበረው ባላምባራስ ይህን ጊዜ ወርዶ፣ በማንኛችንም ላይ እንደሚያደርገው፣ ተፈራ ትከሻ ላይ ዘለለ። ተፈራ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ኧረ ምንድን ነው ይሄ! እማዬ፣ ሽኮኮ ማርባት ጀመርሽ እንዴ?»

እትዬ እንዝርቷን ከእጇ አስቀመጠች። «አደራህ ነው።»

«የምን አደራ?»

የነገሩን ትዝታ ከሩቅ ለመጎተት ሲሞክር ግንባሩ ተቋጠረ። «ያ... ጋቢዬ ውስጥ ያመጣሁት? እስካሁን አለ?»

«የለም» አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀስ ብላ ልትነግረው ያዘጋጀችው ነገር ሁሉ ጠፍቷት በአንድ ትንፋሽ ወጣ። «ያንተው ሞተ። ለነነዌ ጾም ሦስት ቀን አስጹሜ ገደልኩት። ይህ ምትኩ ነው። ያንተን አደራ በልቼ አንተን ከእግዚአብሔር እንዴት እጠይቃለሁ ብዬ፣ እስክትመጣ ድረስ ስሰግድ ኖርኩ።»

ተፈራ ያበጠ ጉልበቷን አየው። «ለሽኮኮ? እማዬ፣ ለሽኮኮ?»

«ለአንተ ነው እንጂ ለሽኮኮ ነው?» ጮኸችበት። እስከዚያ ቀን ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

እዚህ ላይ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። አያ ሽፈራው ቃሉን ጠብቋል፤ ተፈራ መጥቷል፤ ስግደቱ አብቅቷል። ግን እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና «አስጹሜ ገደልኩት» ስትል ስለሰማሁ፣ አፌ እኔን ሳይጠይቀኝ ተከፈተ። «እትዬ፣ ጾሙ አይደለም። ፍሬው ነው። ብርብራ ነበር፤ የበግ ቅማል መድኃኒት። እኔ ነኝ ይሆነዋል ያልኩሽ። አያ ሽፈራው በሳምንቱ ነግሮኛል።»

ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች። «መጽሐፉስ?»

«መጽሐፉ ላይ የለም። የአይጥ ሥዕል ብቻ ነው ያለው።»

ባላምባራስ የተፈራን የኮት ቁልፍ ይቆረጥማል። እትዬ እኔን አየች፤ ጉልበቷን አየች፤ ደግሞ እኔን። «በቀን አርባ አንድ» አለች። «ሦስት ዓመት።» ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እየተንቋቋች ተነሳች፤ ከመደቡ ራስጌ አጎዛዋን አምጥታ እግሬ ሥር ዘረጋችው።

«በይ።»

«እማዬ፣ ተያት» አለ ተፈራ፤ «ልጅ ነበረች።»

«አንተ ዝም በል፤ ሽኮኮህን ያዝ።»

ተንበረከክኩ። አጎዛው መሐል ላይ ጠጉሩ ተልጦ ሁለት ጉልበት የሚያህል ቦታ ገላጣ ሆኗል፤ የእኔ ጉልበቶች እዚያው ላይ አረፉ። አንድ ብላ ቆጠረች፣ ሁለት ብላ ቆጠረች። ሰባተኛው ላይ ስነሳ «ሰባት» ስትል አልሰማሁም። ቀና ብዬ አየኋት። እጆቿን አጣምራ ቆማለች።

«ግንባርሽ መሬት አልነካም» አለችኝ። «ይህችን አልቆጥራትም።»